ከዓሣው በፊት ማጣሪያው ይግባ፦ ጎልድፊሽን የብርዱን ወራት ቤት ውስጥ ማቆየት

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ንግግር ሞቃቱን ወራት በጓሮ ገንዳ ወይም በትንሽ ኩሬ ያሳለፉ ጎልድፊሾችን ቤት አስገብቶ እስከ ሜይ ድረስ በጤና ስለማቆየት ነው። የምጠቅሳቸው ወራትም ሆኑ የቧንቧ ውሃው ጠባይ የዋሽንግተን ዲሲ፣ የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ናቸው። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ላሉ ዘመዶቻችሁ ስታስተላልፉት የማስገቢያ ቀኖቹን በሦስት በአራት ሳምንት ቀደም አድርጉላቸው።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ቤት ከገቡ በኋላ የሚሞቱ ጎልድፊሾችን ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው ብርድ አይደለም። ንጹሕ በሚመስለው አዲስ ውሃ ውስጥ ራሳቸው የሚያወጡት አሞኒያ ነው። ሰው ብርዱን ፈርቶ ዓሣውን ያስገባል፣ ማሞቂያ ይገዛል፣ የሚያምር መስታወት ይገዛል፤ ውሃውን የሚያጠራውን ባክቴሪያ ግን ጓሮ ትቶት ይገባል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚጀመረው ኦገስት አጋማሽ ላይ፣ ሁሉም ገና በከነቴራ በሚሄድበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሚገባውንና የማይገባውን እንለይ። ነጠላ ጭራ ያላቸው፣ ማለትም ተራው ጎልድፊሽ፣ ኮሜትና ሹቡንኪን፣ የግድ መግባት የለባቸውም። ኩሬው ጥልቅ ከሆነና በበረዶው ላይ ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ከበረዶው ሥር ይከርማሉ። ጎልድፊሽ ኦክስጅን ሲያልቅበት በሰውነቱ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካል) በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል፤ ከአጥንት ባለቤት እንስሳት መካከል ይህን የሚችሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ባለ ድርብ ጭራዎቹ፣ ፋንሲ የምንላቸው፣ ይህን ችሎታ በዘር ቢወርሱትም የሰውነታቸው ቅርጽ አያግዛቸውም። ኦራንዳ፣ ራንቹ፣ ፐርልስኬል፣ ቴሌስኮፕ፣ በብል አይ፣ እነዚህ ሁሉ በብዙ ትውልድ ምርጫ አጭርና ክብ እንዲሆኑ ተደርገዋል፤ አንጀቱ፣ ጉበቱና የአየር ከረጢቱ በጠባብ ቦታ ተጨናንቀዋል። ውሃው እጅግ ሲቀዘቅዝ የምግቡ መፈጨት ይዘገያል፣ ሚዛናቸውን ይስታሉ፣ በጎናቸው ተኝተው ወይም ተገልብጠው ይገኛሉ። ፋንቴይልና ርዩኪን ከሌሎቹ ይጠነክራሉ። በጃፓን የራንቹ አርቢዎች ገንዳቸውን ከድነው፣ አረንጓዴውን ውሃ ሳይነኩ፣ ዓሦቻቸውን ውጭ ያከርማሉ። ያንን አይቶ እዚህ ሃያ ሴንቲሜትር ውሃ ባለው የፕላስቲክ ገንዳ መሞከር ግን ዓሣውን ለበረዶ መስጠት ነው፤ እንዲህ ያለ ገንዳ እስከ ወለሉ በረዶ ሊሆን ይችላል።

የማስገቢያውን ቀን ከካላንደር ይልቅ ከቴርሞሜትር ጠይቁ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትነካው፣ የገንዳውን ውሃ ለኩ። ማለዳ ላይ በተከታታይ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማሳየት ሲጀምር ጊዜው ደርሷል። እስከ 12 ድረስ መዘግየት ይቻላል። ከ10 በታች ከወረደ በኋላ ማንቀሳቀስ ግን አደጋው ይበዛል፤ የዓሣው በሽታን የመከላከል አቅም በዚያ ቅዝቃዜ ደክሟል፣ የመያዝና የመጓጓዝ ጭንቀትም ይጨመርበታል። በዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር ውስጥ ይደርሳል። ትንሽ ገንዳ ከትልቅ ኩሬ ቀድሞ ይቀዘቅዛልና የጎረቤታችሁን ቀን አትከተሉ።

አሁን ወደ ማጣሪያው። አሞኒያን አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬቱ በሳምንታዊ የውሃ ለውጥ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ተጣብቀው ነው፤ በስፖንጅ፣ በድንጋይ፣ በገንዳው ግድግዳ ላይ። በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚገኙት ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ የኩሬ ውሃ በባልዲ ማስገባት ማጣሪያውን ያስገባል ብላችሁ አትታለሉ። ከባዶ ሲነሡ ቁጥራቸው እስኪበቃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ቀላሉ መንገድ ስፖንጁን ጓሮ ላይ ማሳደግ ነው። ኦገስት አጋማሽ ላይ ለቤቱ የምትፈልጉትን ስፖንጅ ማጣሪያ ገዝታችሁ እዚያው ዓሦቹ ባሉበት ገንዳ ውስጥ በአየር ፓምፕ አሠሩት። የሚገቡበት ቀን ሲደርስ ስፖንጁ በራሱ ውሃ ውስጥ በባልዲ ይገባል፤ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፣ አይደርቅም፣ ሰዓታትም ያለ አየር አይቀመጥም። ውጭ ማጣሪያ የሌላችሁ ደግሞ ዓሣ ሳይገባ ባዶውን አኳሪየም አዘጋጁት። ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ትጨምራላችሁ፤ ውሃውን ወደ 25 ዲግሪ ካሞቃችሁት ባክቴሪያው ቶሎ ይራባል። 2 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ተበልቶ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲያሳይ ማጣሪያው ደርሷል። ዓሣው እስኪገባ በየቀኑ ጥቂት አሞኒያ ካልተሰጠው የተራባው ባክቴሪያ በረሃብ ያልቃል፤ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀን አብዛኛው ውሃ ተለውጦ፣ ሙቀቱም ከጓሮው ውሃ ጋር ይስተካከል። መመርመሪያው የጠብታው ዓይነት ይሁን። የወረቀት ቁራጩ ርካሽ ነው፤ በዜሮና በግማሽ ሚሊግራም መካከል ያለውን ልዩነት ግን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በትክክል ያንን ነው።

አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፤ መርዛማውና እምብዛም የማይጎዳው። መርዛማው ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑት ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ እና ሙቀት ናቸው። በ20 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው 0.4 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 8 ላይ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ አንድ የተለመደ የየካቲት አደጋ ይመነጫል። ባክቴሪያው አሞኒያን ሲለውጥ ፒኤችን ደግፎ የሚይዘውን ካርቦኔት እየበላ ይሄዳል። ባለቤቱ በብርዱ ሰንፎ ውሃውን ለሳምንታት ሳይለውጥ ይቆያል፤ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ አሞኒያው ይጠራቀማል፤ ፒኤቹ ዝቅ ስላለ ግን ዓሣው ደኅና ይመስላል። አንድ ቀን ባለቤቱ ተነሣስቶ ግማሹን ውሃ በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ፒኤቹ ይዘላል፣ የተጠራቀመው አሞኒያ ወደ መርዛማው መልክ ይገለበጣል፣ ዓሣው ማታውኑ ይሞታል። ከዚያ «ውሃ ስለውጥ ሞተብኝ» ይባላል። ውሃው ሳይለወጥ የቆየ አኳሪየም ካላችሁ በየቀኑ አሥር በመቶ እየለወጣችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። የካርቦኔት ጥንካሬው ከ4 ዲግሪ (የሙቀት ሳይሆን የካርቦኔት መለኪያ ዲግሪ) እንዳይወርድ መጠበቅም ይገባል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ወደ 5 ግራም፣ በ200 ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ በማይሞላ መጠን ከፍ ያደርገዋል። ቀድሞ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል።

መያዣው ምን ያህል ይሁን? ለመጀመሪያው ዓሣ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር አስቡ። ለአራት ዓሣ 195 ሊትር ይመጣል፤ በገበያው ቋንቋ 55 ጋሎን አካባቢ። ነገር ግን የሊትሩ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ ነው። 55 ጋሎኑ አኳሪየም 122 በ33 ሴንቲሜትር ነው፤ ገጹ 4,000 ካሬ ሴንቲሜትር ጥቂት ያልፋል። 40 ጋሎን ብሪደር የሚባለው 91 በ46 ስለሆነ፣ 55 ሊትር ያህል አንሶ ሳለ ገጹ ትንሽ ይበልጣል። ክብ ሰውነት ላለው ደካማ ዋናተኛ ሰፊና አጠር ያለው ይመቻል። ለእኔ ግን ቤዝመንት ወይም የማይቀዘቅዝ ጋራዥ ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው በእርሻ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው የከብት ማጠጫ የፕላስቲክ ገንዳ ነው፤ 100 ጋሎኑ ከተመሳሳይ መስታወት በእጅጉ ይረክሳል፣ አይሰበርም፣ ዓሣውም ከላይ ይታያል። ራንቹ ደግሞ ድሮውኑ ከላይ እንዲታይ የተመረጠ ዓሣ ነው።

ክብደቱን አስቡበት። 55 ጋሎን ውሃ ሲሞላ ከነመስታወቱ 280 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አፓርታማ ውስጥ ወይም በእንጨት ወለል ላይ ከሆነ ከግድግዳ አጠገብ፣ ወለሉን የተሸከሙትን እንጨቶች አቋርጦ ይቀመጥ። ከራዲያተርና ከሙቅ አየር መውጫ ራቅ ይበል፤ ብርድ የሚያስገባ መስኮት ሥርም አይሁን። ከታች ጠጠር አታድርጉ። ጎልድፊሽ ወለሉን እያፈሰ የሚበላ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል ጠጠር ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፣ ከጠጠሩ ሥርም ምግብ ይበሰብሳል። ባዶ ወለል ያስጠላል ትሉ ይሆናል፤ ስድስት ወር ነው፣ ይታለፋል።

ለ200 ሊትር ሁለት ትልልቅ ስፖንጅ ማጣሪያዎችና አንድ ባለ ሁለት መውጫ የአየር ፓምፕ ይበቃሉ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ባክቴሪያውን ይይዛል። ማጠብ ማለት ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ መጭመቅ ብቻ ነው፤ በወር አንዱን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላውን። ፓምፑ ከውሃው ገጽ በላይ ይቀመጥ፤ ካልሆነም በቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ይግባ፣ ቀስቱም ወደ አኳሪየሙ ይዙር። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ፓምፑ ተመልሶ ወለሉን የሚያጥለቀልቀው ይህ ሲረሳ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶች ሁሉ ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ታጥፈው ይነሡ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከእጥፉ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ሶኬቱም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲሰማው ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት፣ እዚህ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚገጠመው፣ ቢሆን ይመረጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ ማጣሪያ የምትጨምሩ ከሆነ መውጫውን ወደ መስታወቱ አዙሩት፤ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ከማዕበል ጋር ሲታገል ከዋለ የማጣሪያው ኃይል በዝቷል።

ወደ ቧንቧ ውሃው እንምጣ። የዲሲ ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር በተዋሐደ ክሎሪን፣ ነው፤ በጸደይ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎሪን ባልዲ ውስጥ አድሮ ይተናል፤ ክሎራሚን ግን አድሮም አይለቅም። ስለዚህ «ውሃውን አሳድረዋለሁ» የሚለው የድሮ ዘዴ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ያለበት ርካሽ ማከሚያም ክሎሪኑን ሲሰብረው ውስጡ ያለውን አሞኒያ ነጻ ይለቀዋል። የምትገዙት ማከሚያ አሞኒያንም እንደሚይዝ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ። መጠኑንም ለሚጨመረው ባልዲ ሳይሆን፣ ውሃውን በጎማ በቀጥታ ወደ አኳሪየሙ የምትሞሉ ከሆነ፣ ለሙሉው አኳሪየም ስጡ።

ሁለተኛው የቧንቧ ጣጣ ቅዝቃዜው ነው። ጃንዋሪ ላይ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 6 ዲግሪ ነው እንበል። 20 ዲግሪ ካለው 200 ሊትር 50 ሊትሩን በዚህ ብትለውጡ ሙቀቱ ወደ 16.5 ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ዲግሪ ተኩል። አዲሱ ውሃ ከነባሩ በሁለት ዲግሪ ውስጥ ይሁን። ከዚህ የከፋውና ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጋዙ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፤ በ5 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 12.8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በ20 ዲግሪ 9.1 ብቻ ነው። ናይትሮጅኑም እንደዚሁ። ቀዝቃዛው ውሃ ቤት ውስጥ በድንገት ሲሞቅ ትርፉ ጋዝ ይወጣል፤ በመስታወቱና በዓሣው ገላ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ ይታያል፣ ሲብስም በክንፉና በስንጥቡ ውስጥ ራሱ አረፋ ይፈጥራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለለውጥ የሚሆነውን ውሃ ከቀዳሚው ማታ ጀምሮ በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል አድርጉና የአየር ድንጋይ አስገቡበት። ሌሊቱን ይሞቃል፣ ጋዙም ይመጣጠናል። በየሳምንቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ለውጡ። በማሞቂያ የደረቀው የቤት አየር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል፤ የተነነውን መሙላት ግን ለውጥ አይደለም፣ ቆሻሻውና ማዕድኑ እዚያው ቀርተዋልና።

ማስገቢያው ቀን። ዓሦቹ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አይብሉ፤ ባዶ አንጀት ያለው ዓሣ በጉዞ ላይ ውሃ አያቆሽሽም። ሥራው ጠዋት ይሁን። አረንጓዴ ውሃ በፀሐይ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ 9 ሊደርስ ይችላል፣ ሌሊቱን ይወርዳል፤ ጠዋት ብታወጧቸው ከቤቱ ውሃ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል። የገንዳውን ውሃ እስከ 15 ሴንቲሜትር አጉድሉና ዓሣውን በመረብ እየመራችሁ ወደ ጎድጓዳ ሳህን አስገቡት፤ ከነውሃው አንሡት። በብል አይን ወይም ቴሌስኮፕን በመረብ ማንሣት ዓይኑን ማፍረስ ነው።

ውጭ 15 ዲግሪ የነበረን ዓሣ 21 ዲግሪ ወዳለ አኳሪየም ከመወርወር ይልቅ የቤቱ አኳሪየም ራሱ 15 እና 16 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቀው። ውሃው ያለ ማሞቂያ በክፍሉ አየር ብቻ ቀስ እያለ ይሞቃል። 200 ሊትር ለመሞቅ ቸኩሎ አያውቅም፤ ይህ ከፕላስቲክ ከረጢት ማንሳፈፍ የተሻለ መላመጃ ነው። ፒኤቹን ለማለማመድ በሳህኑ ውሃ ላይ የአኳሪየሙን ውሃ በየአሥር ደቂቃው አንድ ኩባያ እየጨመራችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

በዚያው ጊዜ ዓሣውን በነጭ ገንዳ ውስጥ መርምሩት። የዓሣ ቅማል ክብና ጠፍጣፋ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር የሚሆን፣ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ነው። መልሕቅ ትል የሚባለው ከቅርፊቱ ሥር የወጣ ክር ይመስላል፤ በወረንጦ ከሥሩ ተይዞ ይነቀላል፣ ቁስሉም ይጠበቃል። በዓይን የማይታዩት የስንጥብና የቆዳ ትሎች የሚታወቁት ዓሣው ገላውን ከግድግዳ ሲፋትግና ክንፉን ሲያጥፍ ነው። እነዚህ ሁሉ በቀዝቃዛው ውሃ ዝም ብለው ቆይተው፣ ቤት ገብተው ሲሞቃቸው ይነሣሉ፤ ከገቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት በሽታ የሚበዛው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ቀድሞ የኖረ ሌላ ጎልድፊሽ ካለ አራት ሳምንት አይቀላቀሉ፤ መረቡና ባልዲውም የየራሳቸው ይሁን።

ነጭ ነጥብ ለሚባለው በሽታ ጨው በአንድ ሊትር 3 ግራም ይሠራል። ለ200 ሊትር 600 ግራም ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ 200 ግራም፣ በውሃ ተሟሙቶ። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፣ በማንኪያ አትገምቱ። እንዳይረጥብ ተብሎ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት ጨው ይሁን። ጨው አይተንም፤ 50 ሊትር ስትለውጡ የምትመልሱት 150 ግራም ብቻ ነው፣ ለተነነው የሚሞላው ውሃ ግን ያለ ጨው ይገባል። ተክል ካለ አስቀድማችሁ አውጡት። የነጭ ነጥቡ ተሕዋስ ዑደት በ25 ዲግሪ በቀናት ሲያልቅ በ10 ዲግሪ ከወር በላይ ይፈጃል፤ ጨውም የሚገድለው ነጻ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃውን በቀን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እያሳደጋችሁ ወደ 25 ማድረስና አየሩን ማብዛት ሕክምናውን ያሳጥራል። ለትሎቹ ፕራዚኳንቴል በሊትር 2.5 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ለ200 ሊትር 500 ሚሊግራም። የስንጥቡን ትል እንቁላል አይገድልምና እንቁላሉ ሲፈለፈል ይደገማል።

ሙቀቱን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ይሠራሉ፣ መቀላቀላቸው ግን አይሠራም። አንደኛው ሳሎን ነው፦ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ፣ ዓሣው እየበላና እያደገ ይከርማል፣ ሥራውም ሙሉ ነው። ሁለተኛው ቀዝቃዛ ቤዝመንት ነው፦ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ፣ ዓሣው ይረጋጋል፣ ጥቂት ይበላል፣ ባክቴሪያውም ዘገምተኛ ነው። በጸደይ ማራባት ለሚያስብ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ከቅዝቃዜ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ነው እንቁላል የሚያስጥላቸው። ለኦራንዳ፣ ለፐርልስኬልና ሚዛን መሳት ለጀመረ ማንኛውም ዓሣ ሳሎኑ ይሻላል። ጋራዡ ቀን 16፣ ሌሊት 7 የሚሆን ከሆነ ማሞቂያ ያስፈልጋል። አንድ 200 ዋት ከምትገዙ ሁለት 100 ዋት ግዙ፤ አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ዓሣውን አይቀቅልም፣ አንዱ ቢቃጠልም ግማሹ ሙቀት ይቀራል። መከለያ ይኑራቸው፤ ራንቹና ኦራንዳ የሞቀ ነገር ተደግፈው ይተኛሉና ይቃጠላሉ። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ደረቅ ላይ ሲሠራ የቆየ መስታወት ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ምግብ ሙቀቱን ይከተላል። ከ18 በላይ በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ ጠቅላላው ከዓሣው ክብደት አንድ በመቶ አካባቢ፤ መቶ ግራም ለሚመዝን ዓሣ አንድ ግራም። ከ12 እስከ 15 በቀን አንድ ጊዜ ወይም በሁለት ቀን። ከ10 እስከ 12 ቀለል ያለ የስንዴ ጀርም ምግብ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ከ10 በታች ምንም። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ ብዙ ቢሰጠው የሚያቆይበት ቦታ የለም። ምግቡ የሚሰምጥ ይሁን፣ አስቀድሞም በውሃ ይራስ፤ የሚንሳፈፈውን ሲለቅም አየር የሚውጥ ክብ ዓሣ ነው ማታ ተገልብጦ የሚገኘው። በገቡበት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከዚህም ግማሹን ስጡ፤ አሞኒያና ናይትራይትን በየቀኑ ለኩ። አሞኒያው ሩብ ሚሊግራም ካለፈ ምግብ ይቁም፣ ሲሶው ውሃ ይለወጥ። ናይትራይት ከታየ በሊትር አንድ ግራም ጨው ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ካደላ ዘግይታችኋል፣ ግን አሁንም ጨምሩት።

የኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የአየር ፓምፑ የሚገፋው የክፍሉን አየር ነው። ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት፣ ቁሌት የሚቁላላበት ክፍል ውስጥ ፓምፑ ጭሱንና የዘይቱን ተን እየሳበ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል፤ በገጹ ላይ የቅባት ሽፋን ይሠራል፣ ኦክስጅንም ይጋርዳል። ቡናው ይቅር አልልም። ፓምፑን በረዥም ቱቦ ወደ መኝታ ቤት አሻግሩት፣ ነገሩ አለቀ። የበረሮ መርጫ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፓይረትሮይድ ሲሆን ለዓሣ በጥቂቱም ገዳይ ነው። ሕንፃው የሚረጭበት ቀን ከታወቀ አኳሪየሙን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ፓምፑንም ከሚረጨው ክፍል አውጡት።

በረዶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጥል መብራት ለሰዓታት ወይም ለቀናት ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከነትርፍ ባትሪው ይቀመጥ፤ ቱቦውን ከስፖንጁ ጋር ብታገናኙት ዓሣውም ባክቴሪያውም ይተርፋል። ምግብ ይቁም፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ከላይ ግን ለአየር ክፍት ተዉለት። ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጥ ዝግ የካኒስተር ማጣሪያ ለብዙ ሰዓታት ቆሞ ከነበረ መብራት እንደመጣ አታስነሡት፤ ውስጡ ያለው ውሃ በስብሷል፣ አፍስሳችሁ አለቅልቁት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሰዎች ዓሣ ማስገባት አይጠበቅባችሁም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ገንዳው በረዶ አይሆንም። እናንተን የሚያሳስባችሁ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ነው፤ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር ይብለጥ፣ ማታ ይከደን። በዚያ ከፍታ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከላይ የጠቀስኩትን የሊትር ስሌት ለእናንተ ትንሽ አስፉት።

ቤት ማስገባት የማይችል ሰው ዓሣውን ለሌላ አርቢ ወይም ለመደብር ይስጥ፤ ወደ ፖቶማክ ወይም ወደ ሰፈር ሐይቅ አይልቀቅ። በ2021 ጁላይ የሚኒሶታዋ የበርንስቪል ከተማ ከሐይቋ የወጡ ግዙፍ ጎልድፊሾችን ፎቶ አሳይታ ነዋሪዎቿን የለመነችው ይህንኑ ነበር።

መመለሻው ሜይ ነው። የጓሮው ውሃ ማለዳ ላይ ለሳምንት ያህል ከ15 ዲግሪ ሳይወርድ ሲቀር ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የአኳሪየሙ ማሞቂያ ይጥፋ። ስፖንጆቹ ከዓሦቹ ጋር አብረው ይውጡ፤ የጓሮው ማጣሪያ የብርዱን ወራት ደርቆ ከነበረ እንደ አዲስ ነው፣ አሞኒያውን እንደገና ለኩ። ስድስት ወር በደብዛዛ ብርሃን የቆየ ዓሣ ጥላ በሌለው ጥልቀት በሌለው ገንዳ ጀርባው በፀሐይ ይቃጠላልና ግማሹን ገንዳ በመረብ ጨርቅ አጥልሉት። የቧንቧው ውሃ በጸደይ ወደ ክሎሪን የሚቀየርባቸው ሳምንታት ከዚህ ጊዜ ብዙም አይርቁም፤ ገንዳውን ስትሞሉ ማከሚያውን አትዝለሉ።